ከ2018 በኋላ ራሺያ ውስጥ "ሁለተኛ ዙር" የሚባል ነገር ለምን ጠፋ?

ስለ ራሺያ ምርጫ ሲወራ እኛ ጋ ወሬው ወዲያው ፑቲን ጋ ይደርሳል፣ በ2024 ከ87 ፐርሰንት በላይ አገኘ ተባለ፣ እስከ 2030 ስልጣን ላይ ነው፣ ከዛ ወሬው እዛው ላይ ያልቃል። እኔ ግን የዛን አገር ፖለቲካ መረዳት የሚፈልግ ሰው ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ በላይ የክልል ገዢዎችና የምክር ቤት ምርጫዎችን ቢከታተል ይሻለዋል ባይ ነኝ። መንግስት በድምጽ ተሸንፎ የሚያውቀው እዛ ነው፣ የደነገጠውም እዛ ነው፣ ዛሬ የምናያቸው የምርጫ ህጎች ብዙዎቹ የወጡት ከዛ ድንጋጤ ነው። (ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ህጉ እንደሚለው በገዢ ምርጫ ማንም ከግማሽ በላይ ድምጽ ካላገኘ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት እንደገና ይወዳደራሉ። ከ2019 እስከ 2025 ድረስ በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ የተደረጉት የገዢ ምርጫዎች ተደምረው ከመቶ በላይ ናቸው፣ ከነዛ ውስጥ ሁለተኛ ዙር የደረሰ አንድም የለም። አንድም! 11 የሰዓት ቀጠና ያለው አገር እኮ ነው፣ ነዳጅ ያበለጸገው ክልል አለ፣ መንገድ እንኳን በወጉ ያልገባለት ክልል አለ፣ ገዢው የሚወደድበትም የሚጠላበትም ቦታ አለ፣ ግን በሁሉም ቦታ ክሬምሊን ያስቀመጠው ወይም የተስማማበት ሰው በመጀመሪያው ዙር ይጨርሳል። በ2018 ደሞ በአንድ ሴፕቴምበር ብቻ አራት ክልሎች ሁለተኛ ዙር ገብተው ነበር። በነዚህ ሁለት ነገሮች መሀል ምን ተፈጠረ ነው ጥያቄው።

ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። በሴፕቴምበር 2004 ቤስላን ከተማ ትምህርት ቤት ውስጥ ከ330 በላይ ሰው፣ አብዛኛው ህጻን፣ በአጋቾች እጅና በማስለቀቁ ዘመቻ አለቀ። ፑቲን ከዛ በኋላ ህዝብ ገዢዎቹን በቀጥታ መምረጡን አስቀረና ሹመቱን ወደራሱ ወሰደ። የህጻናቱ ሞት ከገዢ ምርጫ ጋር ምን እንደሚያገናኘው እስከዛሬ ያሳመነኝ ሰው የለም። ምርጫው የተመለሰው በ2012 ነው፣ እሱም በዲሴምበር 2011 የዱማው (የታችኛው ምክር ቤት) ምርጫ ተጭበርብሯል ብሎ የሞስኮ ህዝብ ቦሎትናያ አደባባይ ስለወጣ የመጣ ነገር ነው። ሲመለስ ግን ማጣሪያ ተገጥሞለት መጣ። ለገዢነት መወዳደር የሚፈልግ ሰው በክልሉ ካሉት የማዘጋጃ ቤት ተመራጮች ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት የሚሆኑትን ፊርማ ማምጣት አለበት፣ ፊርማውም ከአንድ ከተማ ብቻ ሳይሆን ከክልሉ ወረዳዎች ከሶስት አራተኛው መሰብሰብ አለበት። ተመራጮቹ ደሞ በአብዛኛው የገዢው ፓርቲ የዩናይትድ ራሺያ አባላት ናቸው። ስለዚ ተቃዋሚ የሆነ ሰው ሊጥለው ከሚፈልገው ፓርቲ አባላት ፊርማ መለመን አለበት ማለት ነው፣ የእግር ኳስ ቡድን ተጋጣሚውን ራሱ እየመረጠ ሜዳ እንደሚያስገባ ዓይነት።

ያም ሆኖ አንዳንዴ ሾልኮ የሚወጣ አልጠፋም። በ2015 ኢርኩትስክ ላይ የኮሙኒስት ፓርቲው ሰርጌ ሌቭቼንኮ በስልጣን ላይ የነበረውን ገዢ በሁለተኛ ዙር አሸነፈ። በ2019 መጨረሻ ግን በዛው ዓመት ክልሉን ከመታው ጎርፍ በኋላ በመጣ ጫና ስልጣኑን ለቀቀ፣ በቦታው ኢጎር ኮብዜቭ ተሾመ፣ እስከ አሁን ክልሉ በሱ እጅ ነው።

ዋናው ግን 2018 ነው።

ጁን 14 ቀን የዓለም ዋንጫ ሞስኮ ላይ ተከፈተ። በዛው ቀን የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሜድቬዴቭ የጡረታ እድሜ ለወንድ ከ60 ወደ 65፣ ለሴት ከ55 ወደ 63 ከፍ ሊል ነው ብሎ አሳወቀ። በዛን ጊዜ የራሺያ ወንድ አማካይ እድሜ 67 አካባቢ ነበር፣ ሰው እንዴት እንደተናደደ መገመት አይከብድም። ፑቲን ኦገስት ውስጥ በቲቪ ቀርቦ የሴቶቹን ወደ 60 አወረደው፣ ቁጣው ግን አልበረደም። ሴፕቴምበር 9 ሰው ወጥቶ ድምጽ ሰጠ፣ በፕሪሞርዬ፣ በሀባሮቭስክ፣ በሀካሲያና በቭላድሚር የመንግስት ሰዎች ግማሽ ድምጽ አላገኙም።

ቭላድሚር ላይ ብዙም ዘመቻ ያላደረገ የኤልዲፒአር (የብሄርተኛው ፖለቲከኛ የዚሪኖቭስኪ ፓርቲ) ሰው ስልጣን ላይ የነበረችውን ስቬትላና ኦርሎቫን 57 ለ37 አሸነፋት። ሰው እሱን መርጦ አይደለም፣ እሷን ለማውረድ ነው። ሀካሲያ ላይ ነባሩ ገዢ ቪክቶር ዚሚን ራሱን አገለለ፣ ከሱ በኋላ የተተኩትም ተወዳዳሪዎች ተራ በተራ ወጡ፣ ምርጫው ደጋግሞ ተገፋ፣ በመጨረሻ ኖቬምበር ላይ የ30 ዓመቱ ኮሙኒስት ቫለንቲን ኮኖቫሎቭ ብቻውን ወረቀቱ ላይ ቀርቶ "ይሁን ወይስ አይሁን" ተብሎ ህዝቡ ይሁን አለ።

ፕሪሞርዬ፣ ማለትም ቭላዲቮስቶክ ያለችበት ክልል፣ የሆነው ደሞ የባሰ ነው። ተጠባባቂው ገዢ አንድሬ ታራሴንኮ ከሁለተኛው ዙር ጥቂት ቀን በፊት ከፑቲን ጋር ታይቶ ሁሉ ነገር መልካም ይሆናል ተብሎ ነበር። ሴፕቴምበር 16 ማታ 95 ፐርሰንቱ ድምጽ ሲቆጠር ኮሙኒስቱ አንድሬ ኢሽቼንኮ ወደ ስድስት ነጥብ እየመራ ነው፣ ህዝቡ ውጤቱን በኢንተርኔት እያየ ነው፣ ከዛ የቀሩት ጥቂት ጣቢያዎች ሲገቡ በአንዴ ታራሴንኮ አለፈው። ከነዛ ጣቢያዎች የመጡት ቁጥሮች ማንም ሊቀበላቸው የሚችል አልነበሩም። ሰው አደባባይ ወጣ፣ የማዕከላዊ ምርጫ ኮሚሽን ሰብሳቢዋ ኤላ ፓምፊሎቫ ራሷ ውጤቱ ይሰረዝ አለች፣ ተሰረዘ። ግን የተሰረዘው ድምጽ ለኢሽቼንኮ አልተመለሰም፣ አዲስ ምርጫ ተጠራ፣ ኢሽቼንኮ እጩ ሆኖ እንዳይመዘገብ ተደረገ፣ ከሳካሊን የመጣው ኦሌግ ኮዤምያኮ ዲሴምበር ላይ ከ60 ፐርሰንት በላይ አግኝቶ ገባ። የማጭበርበሩ መጋለጥ ራሱ ለተጭበረበረው ሰው አልጠቀመውም፣ ይሄ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ክፍል ነው።

ሀባሮቭስክ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ከሞስኮ በሰባት ሰዓት ልዩነት የምትገኝ፣ ቻይና ድንበር ላይ ያለች ክልል ናት። ሰርጌ ፉርጋል የሚባል፣ በሙያው ሀኪም የነበረ፣ በኋላ ነጋዴ የሆነ፣ ከ2007 ጀምሮ ዱማ ውስጥ በኤልዲፒአር ወንበር የተቀመጠ ሰው ነው። በ2013 ለገዢነት ተወዳድሮ በሰፊው ተሸንፏል። በ2018ም እንዲያው ለይስሙላ ተፎካካሪ እንዲሆን የገባ ነው የመሰለው፣ ግን በመጀመሪያው ዙር ነባሩን ገዢ ቪያቼስላቭ ሽፖርትን በትንሽ ነጥብ ቀደመው፣ በሁለተኛው ዙር ወደ 70 ፐርሰንት የሚጠጋ ድምጽ አገኘ። ስልጣን ሲይዝ የራሱን ደሞዝ ቀነሰ፣ የገዢውን ጀልባ ለሽያጭ አቀረበ፣ ባለስልጣናት በቢዝነስ ክላስ እንዳይበሩ ከለከለ። ይሄ ፖፑሊዝም ነው የሚል አለ፣ ሊሆንም ይችላል፣ ግን ህዝቡ "የኛ ሰው" አለው። በዲሴምበር 2018 ፑቲን የሩቅ ምስራቅ ፌደራል ቀጠና ዋና ከተማን ከሀባሮቭስክ አንስቶ ወደ ቭላዲቮስቶክ አዛወረ፣ የከተማዋ ሰው ይሄን እንደ ቅጣት ነው ያየው። በ2019 የክልሉ ምክር ቤት ምርጫ ደሞ ከ36 ወንበር ኤልዲፒአር 30ውን ወሰደ፣ ዩናይትድ ራሺያ ሁለት ብቻ ቀረለት። ገዢ ፓርቲ በገዛ አገሩ ሁለት ወንበር!

ጁላይ 9 ቀን 2020 ፉርጋል መንገድ ላይ ተይዞ ወደ ሞስኮ በአውሮፕላን ተወሰደ። ክሱ በ2004 እና 2005 ነጋዴዎችን አስገድሏል የሚል ነው። እሱ አላደረግኩም አለ። እንግዲህ ሰውየው በ1990ዎቹና ከዛ በኋላ በነበረው የራሺያ ንግድ ውስጥ ያለፈ ነው፣ እኔ ንጹህ ነው ብዬ ልምልለት አልችልም፣ ግን 13 ዓመት ዱማ ውስጥና ገዢነት ላይ ሲኖር ያልተነሳ ክስ ክሬምሊንን ካሸነፈ በኋላ ለምን ተነሳ ብሎ የሀባሮቭስክ ህዝብ ጠየቀ፣ ጥያቄው ደሞ ትክክል ነው። ጁላይ 11 ቅዳሜ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም ወጣ፣ በሚቀጥለውም፣ ለወራት። "እኔም እኛም ፉርጋል ነን" የሚል ወረቀት የያዙ አሮጊቶች፣ ሾፌሮች፣ ተማሪዎች። መጀመሪያ ላይ ፖሊስ እንኳን አልነካቸውም፣ ብዛታቸው እንደዛ ነበር። ፖለቲካ የሞተ በሚባልበት አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ፑቲን ጁላይ 20 ሚካኢል ዴግትያሪዮቭን ሾመ፣ እሱም ከኤልዲፒአር ነው፣ ግን ከሀባሮቭስክ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፣ ለሞስኮ ከንቲባነት ሲወዳደር የነበረ ሰው ነው። ፓርቲው ያው ሆኖ ሰውየው የሞስኮ ሆነ ማለት ነው፣ ህዝቡ በዚ ይረጋጋል ብለው ነው። በ2021 ምርጫ የኮሙኒስት ፓርቲው እጩ በዛው በፊርማው ማጣሪያ ቀረ፣ ዴግትያሪዮቭ 57 ፐርሰንት አካባቢ አግኝቶ አሸነፈ፣ በ2024 የስፖርት ሚኒስትር ሆኖ ሄደ። ፉርጋል በፌብሩዋሪ 2023 ሞስኮ አጠገብ ባለ ፍርድ ቤት 22 ዓመት ተፈረደበት።

ከዛ የመጣውን ተመልከቱ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ለአንድ ሽንፈት የተሰጠ መልስ ነው። የክሬምሊን የአገር ውስጥ ፖለቲካ ከ2016 ጀምሮ በሰርጌ ኪሪየንኮ እጅ ነው፣ እነሱ ያደረጉት የተጠላ ገዢ ምርጫ ሳይደርስበት አስቀድሞ ማንሳትና በቦታው ከሌላ ቦታ የመጣ ቴክኖክራት "ተጠባባቂ" አድርጎ ማስቀመጥ ነው፣ ተጠባባቂው ለወራት ትምህርት ቤት ሲመርቅ በቲቪ ይታያል፣ ሴፕቴምበር ላይ ብቻውን የሚታወቅ ሰው ሆኖ ይወዳደራል። በ2020 የምርጫው ቀን አንድ መሆኑ ቀርቶ እስከ ሶስት ቀን እንዲሆን ተፈቀደ፣ ሶስት ቀንና ሁለት ሌሊት ኮሮጆ የሚጠብቅ ታዛቢ ከየት ይመጣል? መንግስት መስሪያ ቤት የሚሰራ ሰው ደሞ አርብ፣ በስራ ቀን፣ በአለቃው ስር ሆኖ ይመርጣል። በ2021 መጨረሻ የወጣው ህግ ገዢዎች ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጡ የሚለውን ገደብ አነሳ፣ ፕሬዚዳንቱ "እምነት አጥቻለሁ" ብሎ እንዲያባርራቸውም አጸና።

የሞስኮውን ነገር እዚ ላይ ማንሳት አለብኝ። በ2019 የሞስኮ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ ላይ ሊዩቦቭ ሶቦል፣ ኢሊያ ያሺን፣ ድሚትሪ ጉድኮቭ ያሉ ነጻ እጩዎች ፊርማችሁ ልክ አይደለም ተብለው ተጣሉ፣ ሰው ወጣ፣ ተደበደበ፣ ታሰረ። ያኔ የተቃዋሚው መሪ ናቫልኒ "ስማርት ቮቲንግ" የሚለውን ዘዴ ስራ ላይ አዋለ፣ ነገሩ ቀላል ነው፣ ፓርቲውን ተዉት፣ በየምርጫ ክልሉ የመንግስትን እጩ የመጣል እድል ላለው ሰው ሁላችሁም ስጡ። ከ45 ወንበር 20ው ከመንግስት እጅ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ቶምስክ ላይ ለተመሳሳይ ስራ ሄዶ ሲመለስ አውሮፕላን ውስጥ ተመርዞ ወደቀ፣ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ዩናይትድ ራሺያ በቶምስክ ከተማ ምክር ቤት አብላጫውን አጣ፣ የናቫልኒ ቢሮ ሀላፊ ክሴንያ ፋዴየቫ ተመረጠች። እሷ በ2023 መጨረሻ 9 ዓመት ተፈረደባት፣ በ2024ቱ የእስረኞች ልውውጥ ነው የወጣችው። ናቫልኒ ራሱ በፌብሩዋሪ 2024 እስር ቤት ሞተ።

የ2021ዱ የዱማ ምርጫ የዚ ሁሉ ድምር ነበር። ከምርጫው በፊት የናቫልኒ ድርጅቶች ጽንፈኛ ተባሉ፣ ከነሱ ጋር የሰራ ሰው እንዳይወዳደር ህግ ወጣ፣ ጎግልና አፕል የስማርት ቮቲንግን አፕ በምርጫው መጀመሪያ ቀን ከራሺያ ገበያቸው አነሱት። ፒተርስቡርግ ላይ ደሞ በዛው ጊዜ በተደረገው የከተማዋ ምክር ቤት ምርጫ ቦሪስ ቪሽኔቭስኪ የሚባለው የያብሎኮ ፓርቲ ፖለቲከኛ ስማቸውን ወደሱ ስም የቀየሩ፣ ጺማቸውንም እንደሱ ያደረጉ ሁለት ሰዎች በአንድ ወረቀት ከሱ ጋር ተለጠፉ፣ መራጭ ሶስት ቦሪስ ቪሽኔቭስኪ ያያል። ፓምፊሎቫ እንኳን አሳፋሪ ነው አለች፣ ግን ሁለቱም ወረቀቱ ላይ ቆዩ። ሞስኮ ላይ የወረቀቱ ድምጽ ሲቆጠር በበርካታ ምርጫ ክልሎች ተቃዋሚዎች እየመሩ ነበር፣ የሂሳብ መምህሩ ሚካኢል ሎባኖቭ የቲቪ አቅራቢውን የቭጌኒ ፖፖቭን ከ10 ሺ በላይ ድምጽ ቀድሞት ነበር፣ በማግስቱ የኤሌክትሮኒክ ድምጹ ሲጨመር የከተማዋ 15ቱም ወንበሮች ለከንቲባው ሰዎች ሄዱ። ኤሌክትሮኒክ ድምጽ በራሱ መጥፎ ነው አልልም፣ ችግሩ ከውጭ ሆኖ መቁጠር የሚችል ሰው አለመኖሩ ነው።

ውጤቱ ዩናይትድ ራሺያ በፓርቲ ዝርዝር 49.8 ፐርሰንት፣ ከ450 ወንበር ግን 324። ይሄ የሆነው ግማሹ ወንበር (225) በነጠላ ምርጫ ክልል ስለሚያዝ ነው፣ እዛ አንደኛ የወጣ ሁሉን ይወስዳል፣ 198ቱን እነሱ ወሰዱ። የተቃዋሚው ድምጽ ለአራትና ለአምስት ስለሚከፋፈል 35 ፐርሰንት ያገኘ ሰው ይገባል።

ግን የክልሎቹን ቁጥር ስታዩ አንድ አገር አይመስልም። ቼችኒያ ውስጥ ዩናይትድ ራሺያ 96 ፐርሰንት አገኘ ተባለ፣ ካዲሮቭ በዛው ቀን በገዢነት ከ99 በላይ። በያኩቲያ፣ በማሪ ኤል፣ በሀባሮቭስክና በኔኔትስ ግን ኮሙኒስት ፓርቲው አንደኛ ወጣ። የስታቲስቲክስ ተመራማሪው ሰርጌ ሽፒልኪን የጣቢያዎቹን ቁጥር አጥንቶ ከዩናይትድ ራሺያ ድምጽ ግማሽ የሚያህለው ጤነኛ አይመስልም ብሎ ነበር። ዘዴው ቀላል አመክንዮ አለው፦ የመራጩ ብዛት በዘለለባቸው ጣቢያዎች የሚጨመረው ድምጽ በሙሉ ለአንድ ፓርቲ ብቻ ከሄደ፣ የጨመረው መራጭ አይደለም።

እና ፓርላማ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ፓርቲዎችስ? ኮሙኒስት ፓርቲው ከ1993 ጀምሮ በዚዩጋኖቭ፣ ኤልዲፒአር ዚሪኖቭስኪ በ2022 ከሞተ በኋላ በስሉትስኪ፣ ፍትሃዊት ራሺያ በሚሮኖቭ፣ አዲስ ሰዎች የሚባለው ደሞ በኮስሞቲክስ ነጋዴው ኔቻየቭ ይመራሉ። በዩክሬኑ ጦርነት ላይ አንዳቸውም ከክሬምሊን መስመር አይወጡም። ከታች ያሉት አባሎቻቸው ግን ሁሌ እንደ መሪዎቹ አይደሉም። በሜይ 2022 ፕሪሞርዬ ምክር ቤት ውስጥ ኮሙኒስቱ ሊዮኒድ ቫስዩኬቪች ተነስቶ ልጆቻችን ወላጅ አልባ እየሆኑ ነው፣ ጦሩ ይውጣ ብሎ አነበበ፣ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ያው ኮዤምያኮ እንዲወጣ አዘዘ፣ የራሱ ፓርቲም ቀጣው። ሞስኮ ላይ አሌክሴ ጎሪኖቭ የሚባል የወረዳ ተመራጭ የልጆች ስዕል ውድድር ጉዳይ ሲነሳ፣ ዩክሬን ውስጥ ህጻናት እየሞቱ እንዴት ይሄን እናደርጋለን ብሎ በስብሰባ ላይ ስለተናገረ 7 ዓመት ተፈረደበት። የወረዳ ተመራጭ ነው፣ ስልጣኑ መናፈሻና አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ፕስኮቭ ላይ ሌቭ ሽሎስበርግ በ2014 ዩክሬን ውስጥ ሞተው በድብቅ የተቀበሩ ፓራትሩፐሮችን መቃብር ያጋለጠ ሰው ነው፣ ያኔ ተደብድቧል፣ በ2021 እንዳይወዳደር ታግዷል፣ በ2025 የቁም እስር ገባ። እኔ እነዚን ሰዎች ከልብ አከብራቸዋለሁ፣ ምንም እንደማያሸንፉ እያወቁ ነው የተናገሩት።

ሁለተኛ ዙር በጠፋበት አገር ገዢው ለማን ተጠያቂ እንደሚሆን ኩርስክ አሳይቷል። ኦገስት 2024 የዩክሬን ጦር ድንበሩን ጥሶ ሲገባ በቢሊዮን ሩብል ተሰራ የተባለው ምሽግ አላቆመውም። ተጠባባቂው አሌክሴ ስሚርኖቭ በሳምንታት ውስጥ፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሰዎች ባሉበት ክልል 65 ፐርሰንት አግኝቶ "ተመረጠ"፣ ዲሴምበር ላይ ክሬምሊን አነሳው፣ በኤፕሪል 2025 በምሽጉ ገንዘብ ጉዳይ ታሰረ። ከሱ በፊት ገዢ የነበረው ሮማን ስታሮቮይት የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆኖ ነበር፣ ጁላይ 7 ቀን 2025 ከስራው ተነሳ፣ በዛው ቀን በጥይት ሞቶ ተገኘ። የተፈናቀሉት ሰዎች የጠፋ ቤታቸውን ካሳ ሲጠይቁ የመረጡት ገዢ የለም፣ ከሞስኮ የተላከው አሌክሳንደር ኪንሽታይን ነው የተቀበላቸው፣ እሱም በ2025 ከ85 ፐርሰንት በላይ አሸነፈ ተባለ። በዛው ዓመት ታምቦቭ ላይ ከጦር ግንባር የተመለሱ ሰዎችን ለስልጣን በሚያሰለጥነው "የጀግኖች ጊዜ" ፕሮግራም ያለፈው የቭጌኒ ፔርቪሾቭ ገዢ ሆነ፣ በነገራችን ላይ ከጦርነቱ በፊትም የክራስኖዳር ከንቲባና የዱማ አባል የነበረ ሰው ነው፣ ከተራው ወታደር የወጣ አድርገው ለሚያቀርቡት ይሄ መታወቅ አለበት።

አንድ ለየት ያለ ጉዳይ ሀካሲያ ናት። ያ በ30 ዓመቱ የገባው ኮኖቫሎቭ በ2023 ክሬምሊን ከዩክሬን ጦርነት የተመለሰውን የዱማ አባል ሰርጌ ሶኮልን አቆመበት፣ ሶኮል ምርጫው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ታምሜያለሁ ብሎ ወጣ፣ ኮኖቫሎቭ በ63 ፐርሰንት ተመለሰ። ይሄ የሚነግረን ክሬምሊን እንኳን ግልጽ ሽንፈት ከሚታይበት ሰውየውን ተቀብሎ አብሮ መኖር እንደሚመርጥ ነው። ኮኖቫሎቭም ስለ ጦርነቱ አይናገርም።

የቀረው ቆጣሪው ነው። ጎሎስ ከ2000 ጀምሮ የምርጫ ታዛቢዎችን ሲያሰለጥን የኖረ ድርጅት ነበር። በ2021 የውጭ ወኪል ተባለ፣ መሪው ግሪጎሪ ሜልኮንያንትስ በኦገስት 2023 ታሰረ፣ በሜይ 2025 5 ዓመት ተፈረደበት፣ በጁላይ ድርጅቱ መዘጋቱን አሳወቀ። ስለዚ የ2026ቱ የዱማ ምርጫ እንደነሱ ያለ አገር አቀፍ ታዛቢ የሌለበት ነው፣ የምርጫ ክልሎቹም እንደገና ተሸንሽነው ከዩክሬን የተያዙት ግዛቶች ወንበር ተሰጥቷቸዋል፣ ከሌሎች ክልሎች ተቀንሶ።

ውጤቱን የምትከታተሉ ሰዎች ዩናይትድ ራሺያ ስንት ፐርሰንት አገኘ የሚለው ላይ ብዙ አትቆዩ፣ እሱ አስቀድሞ የታቀደ ቁጥር ነው። ሁለተኛ ማን ወጣ የሚለውን እዩ፣ ኮሙኒስት ፓርቲው በክልሎች ቦታውን ለኤልዲፒአርና ለአዲስ ሰዎች እየለቀቀ ስለሆነ። ያኩቲያ፣ ማሪ ኤልና ሀባሮቭስክ ላይ ስንት ሰው ወጥቶ እንደመረጠ ከ2021ዱ ጋር አስተያዩት። የኤሌክትሮኒክ ድምጹ ደሞ ከወረቀቱ ተለይቶ በየጣቢያው ይታተም እንደሆነ፣ ወይስ ተደባልቆ ይወጣ እንደሆነ ተመልከቱ፣ ተደባልቆ ከወጣ እነ ሽፒልኪን የሚሰሩበት ቁጥር አይኖርም።